ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ የልጆች ክረምት በዲላና በጌዴኦ

በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን መስከረም ተከፍቶ ሰኔ ይዘጋል። ካርድ ከተሰጠ በኋላ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን የተማሪ ዕረፍት ናቸው። ከፍ ያሉት ልጆች ኳስ ሜዳ ይውላሉ፣ ዘመድ ጋ ይሰነብታሉ፣ አንዳንዶቹም ትንሽ ንግድ ይሞክራሉ። ከአፀደ ሕፃናት እስከ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ያሉት ትንንሾቹ ግን ወራቱን የሚያሳልፉት ከሞላ ጎደል በቤትና በግቢ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ጊዜ በስጋት ይጠብቀዋል፤ «ሁለት ወር ሙሉ ምን ላድርጋቸው?» የሚለው ጭንቀት ሰኔ ሳያልቅ ይጀምራል። በዲላና በጌዴኦ ዞን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ነገር አብዛኛው ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከአጥር ግቢም የማይወጣ ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ 1,570 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዷ አይከብድም። በጌዴኦ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ በበልግ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው በክረምትና ከዚያ ወዲያ። በልጉ ጠንካራ በመሆኑ ሐምሌ ሲገባ ምድሩ ቀድሞ ለምልሟል። ክረምቱም እንደ ጎጃም ደጋ ሰማዩን ደፍኖ የሚሰነብት ዓይነት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ትላለች፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ይከብዳል፣ ዝናቡ ወርዶ ያባራል። ወደ ቡሌ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። የቡሌ ደጋ ከዲላ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ እዚያ የክረምት ልጅ የሚገኘው ጋቢ ተከናንቦ ምድጃ ዳር ነው። የልጆች ቀን ሲታሰብ መነሻው ይኸው የሰማይ ጠባይ ነው፤ የሚሮጥበትና የሚቆፈርበት ጨዋታ ለጠዋት፣ ቁጭ የሚባልበት ከምሳ በኋላ።

የጌዴኦ ገበሬ ቤቱን የሚሠራው ከእርሻው ለይቶ ሳይሆን እርሻው መሐል ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ከሥራቸው እንሰትና ቡና ይቆማሉ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ጎመን፣ ጎደሬና ቦሎቄ ይበቅላል። ይህ የተደራረበ አዘራር ተዳፋቱን ከመሸርሸር ይጠብቃል፣ በጠባብ መሬትም ብዙ ሕዝብ ይመግባል፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 847,434 ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም አንዱ ምክንያት ይኸው የእርሻ ጥበብ ነበር።

የዓለም ቅርስ መሆኑ ለአራት ዓመት ልጅ ምኑም አይደለም። ለእሱ የእንሰቱ ግንድ መደበቂያ ነው፤ ሰፊው የኮባ ቅጠል ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ነው፤ ከእንሰቱ የሚገኘው ቃጫ ሲገመድ መዝለያ ገመድ፣ ጨርቅ ሲታሰርበት የኳስ ማጥበቂያ ይሆናል። የከተማው ልጅም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዲላ ብዙው ግቢ ጥቂት እግር ቡና፣ እንሰት ወይም አንድ የአቮካዶ ዛፍ አያጣም፤ ባይኖረውም ጎረቤቱ ጋ አለ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጭቃ ነው። የጌዴኦ ቀይ አፈር ሲርስ በእጅ ይታዘዛል፤ ልጆች ጀበና፣ ምጣድ፣ በሬና መኪና ይሠሩበታል፤ ከዚያ «እቃ እቃ» ይጀመራል፤ አንዷ እናት፣ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው ባለሱቅ ሆኖ ይውላል። ትልልቆች ጭቃን እንደ ጥፋት ቢያዩትም ለትንሽ ልጅ ሥራ ነው፤ የሚያድቦለቡሉ ጣቶች እየጠነከሩ ሄደው ነው እርሳስ የሚይዙት። እቃ እቃ ደግሞ ቃል መለዋወጥን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሌላውን ሰው ሆኖ ማሰብን ያስተምራል። ለወላጅ የሚቀረው ያረጀ ልብስ ለዚህ መመደብ፣ የግቢውን አንድ ጥግ መፍቀድና ማታ እጅና እግር ማስታጠብ ብቻ ነው። ነጭ ልብስ አልብሶ «እንዳትቆሽሽ» ማለት ልጁንም ወላጁንም ያደክማል።

መሬቱ ጠፈፍ ሲል ሰኞ ማክሰኞ ይሠመራል፤ ሱዚ፣ ብይና ድብብቆሽ ይከተላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም 60ው ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲሆን ይመክራል። ግቢ ውስጥ የተለቀቀ ልጅ ይህን ማንም ሳይቆጥርለት ይሞላዋል፤ ሶፋ ላይ የዋለው ግን አይደርስበትም።

ገበጣ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ጨዋታ ነው። መሬት ላይ ጉድጓዶች ቆፍሮ፣ ጠጠር ወይም የቡና ፍሬ እየበተኑ የሚጫወቱት ይህ ጨዋታ በየአገሩ ሕጉ ይለያያል፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ገበጣ ሲጫወት ይቆጥራል፣ ያካፍላል፣ ሁለት እርምጃ አስቀድሞ ያስባል። ከሒሳብ ደብተር የሚለየው ልጁ ራሱ «እንደገና እንጫወት» ማለቱ ነው። አባት ወይም ታላቅ ወንድም አልፎ አልፎ ቢሸነፍ ጨዋታው ይደምቃል፤ ሁልጊዜ ሆን ብሎ ከተሸነፈ ግን ልጆች ያውቁበታል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ቤተሰቡ ወደ ቤት፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ማድ ቤት ይሰበሰባል። ክረምት የበቆሎ እሸት ጊዜ ነው፤ ፍም ላይ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ እሸት ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይሻላል፣ ይረክሳልም። ቆጮ ከጎመን ጋር፣ የተቀቀለ አምቾ፣ የቡላ ገንፎ በጌዴኦ ቤት የቆዩ ምግቦች ናቸው፤ በተለይ የቡላ ገንፎ ለትንሽ ልጅ ለመዋጥ ይቀላል። ማድ ቤት ለልጅ የሚሆን ሥራ ሞልቶበታል። የሦስት ዓመቱ ቦሎቄ ከገለባው ይፈለፍላል፤ የአምስት ዓመቷ የኮባ ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ለዳቦ መጋገሪያ ታዘጋጃለች። የስድስት ዓመቱ ሰፌድ ላይ የፈሰሰ ጥሬ ቡና ይለቅማል፤ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን ይለያል። ቡና ለጌዴኦ የቤት መጠጥ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያም ነው፤ የይርጋጨፌ ስም ዓለም የሚያውቀው በዚሁ ፍሬ ነው። ለቀማው የሚደርሰው ከጥቅምት ወዲህ ስለሆነ በክረምት ፍሬው ገና አረንጓዴ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ይታያል። ልጅን ጠዋት የቡናውን እግር አሳይቶ ከሰዓት በኋላ ማስለቀም፣ ከዚያም ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ እንዲጠራ መላክ አንድ ሙሉ ትምህርት ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ልጆች ቆሎ እየቆረጠሙ የትልልቆችን ወሬ ያዳምጣሉ፤ የቋንቋ ችሎታ በአብዛኛው የሚገነባው በእንዲህ ያለው መቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። በትንሽ ሥራ መሳተፍና ሥራ መሸከም አንድ አይደሉም። በገጠር ብዙ ሴት ልጆች ክረምት ሲመጣ ውኃ በመቅዳት፣ እንጨት በመልቀምና ታናሽ በማዘል ይጠመዳሉ፤ ወንድሞቻቸው በዚያው ሰዓት ይጫወታሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና ጨዋታን የእያንዳንዱ ልጅ መብት አድርጎ አስፍሯል። ክረምቱ ለልጁ ዕረፍት ከሆነ ለልጅቷም መሆን አለበት፤ ይህን የሚወስነው ከወረቀቱ ይልቅ የቤቱ የሥራ ክፍፍል ነው።

ሲመሽ ተረት ይመጣል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስ፣ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ማለት ትንሹም ልጅ ቶሎ የሚለምደው ነው። መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ሐዋሳን ወይም ይርጋጨፌን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር እየተንደላቀቀ ይቀልድበታል። የጂኦግራፊ ትምህርት ከዚህ በላይ ጣፋጭ ሆኖ አይሰጥም። አያት ባለበት ቤት ተረቱ በጌዴኦኛ ቢሆን ይመረጣል። ጌዴኦኛ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛና ከከምባትኛ ጋር የሚዛመድ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ የዲላ ልጅ በመንገድና በገበያ አማርኛ ስለሚሰማ የአያቱን ቋንቋ የሚያጠራው ገጠር ሲሰነብት ወይም አያቱ ሲመጡ ነው። ክረምት ለዚህ ከዓመቱ ሁሉ የተመቸ ጊዜ ነው።

ተረት በቴሌቪዥንም ተነግሯል። አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ አሥርት ዓመታት ለልጆች ተረት አውርተው በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል፤ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የአሻንጉሊት ዝግጅትም የትንንሾች ወዳጅ ሆኗል። እንዲህ ያለ ዝግጅት ከልጅ ጋር አብሮ ቢታይ ጉዳት የለውም። ችግሩ ስልክ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ዝም እንዲሉ ስልክ የሚሰጣቸው ልጆች ዝናቡ ሲያባራም አይመልሱትም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ምንም ዓይነት ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። መጽሐፍ የተሻለ ምትክ ነው። ከዲላ ሩቅ ባልሆነችው ሐዋሳ፣ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ሪድስ» በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀምሮ ነበር፤ መጽሐፉ በር ድረስ ሲመጣ ልጆች እንደሚሰበሰቡ በዚያ ታይቷል። በቤትም ሁለት ሦስት መጻሕፍት ይበቃሉ፤ ትንሽ ልጅ አንዱን ታሪክ ሃያ ጊዜ መስማት አይሰለቸውም፣ የሚሰለቸው አንባቢው ነው።

የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርትም በከተማው ብዙ ወላጅን ይስባል። ንባብ ለከበደው ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ያህል እገዛ ጥሩ ነው። አፀደ ሕፃናት የጨረሰን ልጅ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ አስቀምጦ የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ ቀድሞ ማስጨረስ ትርፉ ድካም ነው፤ መስከረም ላይ ክፍል የሚገባው የሚያውቀውን ለመስማት ይሆናል።

ይልቅስ ችግኝ ይሻለዋል። ክረምት የተከላ ወቅት ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻም በየዓመቱ በዚሁ ጊዜ ይካሄዳል። ለልጅ የራሱ አንድ ችግኝ ቢሰጠው፣ ጉድጓዱን አብሮ ቢቆፍርና በየጠዋቱ ሄዶ ቢያየው ትዕግሥት ምን እንደሆነ ይገባዋል። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ እንሰት ለመድረስ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ የአራት ዓመት ልጅ የተከለውን ቡና የመጀመሪያ ፍሬ የሚለቅመው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ነው።

የክረምቱ መጨረሻ የራሱ ድምቀት አለው። ነሐሴ 13 በቡሄ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት ደግሞ ለማደግ እየተመኙ ዝናብ ላይ ይወጣሉ። አብዛኛው የዞኑ ሕዝብ ፕሮቴስታንት በመሆኑ በብዙ ቤት የልጆች መሰባሰቢያው የእሑድ ትምህርት ቤትና መዝሙር ነው።

የዚህ ሁሉ ጨዋታ ጠባቂ ትልቅ ሰው ነው። በክረምት እንደ ለገዳራ ያሉ ወንዞች ሳይታሰብ ይሞላሉ፤ በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ ዲላ ላይ ፀሐይ ሳለ ሊደርስ ስለሚችል ትንሽ ልጅ ብቻውን ወንዝ ዳር መሄድ የለበትም። ለሙቀት ተብሎ ከሰል የተቀጣጠለበትን ክፍል ዘግቶ ልጆችን ማስተኛት ይገድላል፤ መርዘኛው ጋዝ ሽታ የለውም። የፈላ ውኃና የቡና ጀበናም ልጅ ከሚሮጥበት ይራቅ። ከሁሉ የሚዘነጋው ደግሞ ወባ ነው። ዲላ ወባማ በሆነ ከፍታ ላይ ናት፤ በሽታው የሚበረታውም በዝናቡ መሐል ሳይሆን ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ ለአዲሱ ዓመት ደብተርና ቦርሳ ስትገዙ አጎበሩንም አውጡና እዩት፤ የተቀደደ ካለ ስፉት፣ ልጆቹም ከዛሬ ማታ ጀምረው ከሥሩ ይተኙ።