የካርቱም አንገረብና የጓሳ ውርጭ፤ ለተማሪዎች የመስክ ጉዞ መኝታን ስለ መምረጥ

የመስክ ጉዞ ወቅት ሲደርስ በአንድ ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የመኝታ ከረጢት የሌለው ተማሪ አይመዝገብ» የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ በቅን ልቡና የወጣ ነው፤ መምህሩ ልጆቹ በብርድ እንዳይጎዱበት አስቦ ነው። ይሁን እንጂ በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ የምንለው ይህ ዕቃ ከውጭ አገር የሚመጣና ዋጋው የማይቀመስ በመሆኑ፣ ብዙ ተማሪዎች ስማቸውን ሳያስመዘግቡ ቀሩ። ከቀሩት መካከል በጂኦግራፊ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የነበረች ልጅ ትገኝበታለች።

ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ የምሞክረው ጥያቄ፣ ያለ መኝታ ከረጢት ሜዳ ላይ ተመችቶን ለማደር ምን ያስፈልጋል? የሚል ነው። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ቦታዎች፣ ማለትም ከካርቱምና ከመንዝ ጓሳ ነው። በሁለተኛው ቦታ የተማርሁት በራሴ ስሕተት መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

የካርቱም ትምህርት

እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ለሁለት ዓመት በካርቱም የኢትዮጵያውያንን ልጆች ሳስተምር ቆይቻለሁ። ካርቱም ነጭ አባይና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት ሥፍራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት በአማካይ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳና ጣሪያ ሌሊቱን ሙቀቱን ሲተፋ ስለሚያድር፣ ቤት ውስጥ መተኛት ጭንቅ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት በነበረው በዴይም ሠፈር ጎረቤቶቼ አመሻሹ ላይ በግቢው አፈር ላይ ውሃ ይረጩና አንገረባቸውን ያወጣሉ። አንገረብ ከጎንደር ወንዝ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም፣ በሱዳን አራት እግር ያለው የእንጨት አልጋ ማለት ነው። መኝታው በዘንባባ ገመድ ወይም በቆዳ ጠፍር እየተጠላለፈ ይሠራል፤ በከተማ ግን የብረት እግርና የናይሎን ገመድ ያለውም ሞልቷል። በላዩ የሚነጠፈው ብርሽ የሚባል ሰሌን ወይም ስስ ፍራሽ ነው።

የዚህ ዓይነቱ አልጋ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 ጆርጅ ራይዝነር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በሰሜን ሱዳን በከርማ ሲቆፍር፣ ከ3500 ዓመት በላይ ባስቆጠሩ መቃብሮች ውስጥ በአልጋ ላይ እንደ ተጋደሙ የተቀበሩ ሰዎችን አግኝቷል። በቅርቡ ዘመንም ቢሆን አንገረብ ሙሽሮች የሚቀመጡበት፣ ሟችም ወደ መቃብር የሚወሰድበት ዕቃ ነው።

አንገረብ ለቆላ አገር የሚስማማው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከሥር አየር ስለሚያሳልፍ የሰውነትን ሙቀትና ላብ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ የተኛውን ሰው ከጋለ መሬት ያርቀዋል። ሦስተኛ፣ ጊንጥና ሌላውም ተንቀሳቃሽ በቀላሉ አይደርስበትም። እኔም ከጥቂት ሌሊት በኋላ «ሜዳ ላይ ለማደር ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ የመሰለ የለም» ብዬ ደመደምሁ። ስሕተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የጓሳ ትምህርት

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ተማሪዎችን ይዤ ወደ መንዝ ጓሳ ሄድሁ። ጓሳ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ የሣር ምድር ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይታዩበታል። የመኝታ ከረጢት ለሁሉም ማግኘት ስላልተቻለ፣ የካርቱሙን ትምህርቴን በማስታወስ የሚታጠፉ የሸራ አልጋዎች ተከራየሁ። ለእያንዳንዱ ልጅም ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ አደረግሁ።

ሌሊቱ ሲጋመስ የጥርስ መንቀጥቀጥ ከየድንኳኑ ይሰማ ጀመር። አንዳንዶቹ ከአልጋቸው ወርደው መሬት ላይ ተቃቅፈው አደሩ። ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት አልጋዎቹን አይተው ሣቁና፣ «አይ መምህር! ከላይ አልብሰህ ከታች አራቁተሃቸው እንዴት ይሙቃቸው?» አሉኝ። ከዚያም ከመንደራቸው የመንዝ ባናና አጎዛ እያሰባሰቡ አዋሱን። በሁለተኛው ሌሊት ባናውንና አጎዛውን ከሥር፣ በሸራው ላይ አነጠፍነው፤ ከላይ የተደረበው ያው ብርድ ልብስ ነበር። ልጆቹ እስኪነጋ ተኙ።

ነገሩን ሳስበው አፈርሁ። የሴት አያቴ የጠፍር አልጋ ከአንገረብ የሚለየው በላዩ ወፍራም ጀንዲ ስለሚነጠፍበት ነበር። ጀንዲው ለጌጥ ሳይሆን ከሥር የሚገባውን አየር ለመዝጋት ነው። አያቴ የሚያውቁትን እኔ ፊዚክስ ተምሬ ዘንግቼው ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ብርድ ከመሬት ይመጣል እንላለን። በትክክል ስንናገር ግን ሙቀት ከሰውነታችን ይወጣል። የሚወጣውም በአራት መንገድ ነው፤ ይኸውም ቀዝቃዛ ነገር በመንካት፣ በነፋስ በመወሰድ፣ በጨረር ወደ ጠራ ሰማይ በመሄድና በላብ ትነት ነው። የትኛውም መኝታ፣ የመኝታ ከረጢቱም ጭምር፣ ሙቀት አያመነጭም። የሚያሞቀን የገዛ ሰውነታችን ነው፤ የከረጢቱ ሥራ በላባው ወይም በሌላው ሙሌት መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይዞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ማድረግ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከጀርባችን ሥር ያለው የከረጢቱ ክፍል በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አየሩን ያጣል። ስለዚህ ውድ የመኝታ ከረጢት የያዘ ተማሪም ከሥሩ ሳይጨፈለቅ የሚቆይ ምንጣፍ ከሌለው ይበርደዋል። በሸራ አልጋ ላይ የተኙት ልጆችም የበረዳቸው፣ ከሥራቸው ያለው አየር እንደ ልቡ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ካርቱም ላይ ሙቀታችንን ወስዶ ያስደሰተን ነፋስ፣ ጓሳ ላይ ያንኑ ሥራውን ሠራ።

የከፍታውንም ልዩነት እናስላ። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በካርቱምና በጓሳ መካከል 3000 ሜትር ገደማ ልዩነት ስላለ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን ጓሳ በ20 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው።

በክፍል ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

ይህን ለተማሪዎች በቀላሉ ማሳየት ይቻላል። ክዳን ያላቸው ሦስት እኩል ጠርሙሶች 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ሙሏቸው። አንደኛውን ጠዋት በቀዘቀዘ መሬት ላይ፣ ሁለተኛውን ከሥሩ ነፋስ በሚያሳልፍ የገመድ አልጋ ወይም ወንበር ላይ፣ ሦስተኛውን ጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ አጋድሟቸው። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ጨርቅ አልብሷቸው። በየ15 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ሙቀታቸውን እየለኩ በሠንጠረዥ ይመዝግቡ። ሙቀቱን ይዞ የሚቆየው ሦስተኛው ይሆናል። ከሌሎቹ ሁለቱ የቱ ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ እንደ ነፋሱና እንደ መሬቱ እርጥበት ስለሚለያይ፣ ምክንያቱን ተማሪዎቹ ይከራከሩበት።

እንደ ቦታው አመራረጥ

ሀ. በቆላ። ገመድ አልጋ ወይም የሸራ አልጋ ከሰሌንና ከአንድ አንሶላ ጋር ይበቃል። የአልጋ አጎበር ግን ግዴታ ነው። በመተማና በሁመራ አካባቢ ከወባ ትንኝ ሌላ ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች፤ እርሷ ከትንኝ ስለምታንስ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይመረጣል፤ መሬት ላይ መተኛትም አይገባም።

ለ. በወይና ደጋ። መሬት ላይ ላስቲክ ወይም ሸራ፣ በላዩ ጭድ የተሞላ ጆንያ ወይም ቁርበት፣ ከላይ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ሐ. በደጋና በውርጭ። በመጀመሪያ ላስቲክ፤ ቀጥሎ ሰው ተኝቶበትም አራት ጣት ያህል ውፍረት የሚቀረው የጭድ ጆንያ፤ በእርሱ ላይ ጸጉሩ ወደ ላይ የሆነ አጎዛ ወይም ባና ይነጠፋል። ከላይ ቡሉኮ ወይም ጋቢ ከብርድ ልብስ ጋር ይደረባል። ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ያለው ተማሪ አንዱን አጥፎ ከሥር ያንጥፍ። ጭዱን ከቤት ይዞ መሄድ ይገባል እንጂ እንደ ጓሳ ባለ የተጠበቀ ቦታ ሣር ማጨድ አይፈቀድም። ጆንያውንና አጎዛውንም ቁንጫ እንዳይኖርበት አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ጥንቃቄዎች

1. ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ አያሞቅም። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ጋቢውን ከጤዛ መጠበቅ፣ ማታም በላብ የራሰውን ልብስ በደረቅ መለወጥ ያስፈልጋል። የበግ ጠጉር ባና ግን ቢረጥብም ጥቂት ሙቀት ይይዛል።

2. ፊትን ተከናንቦ መተኛት በትንፋሽ እርጥበት መኝታውን ያረጥባል። በዚህ ፈንታ ራስን በቆብ ወይም በሻሽ መሸፈን ይሻላል።

3. ከሰል የያዘ ምድጃ በምንም ምክንያት ወደ ድንኳን አይግባ። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ይገድላል።

4. ከጉዞው በፊት በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ሌሊት ማደር ጉድለቱን ሁሉ ያሳያል። በጓሳ የደረሰብኝን በግቢያችን አይቼው ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ባልተንቀጠቀጡ ነበር።

ይህ ዕውቀት ለሽርሽር ብቻ የሚውል እንዳልሆነ የተረዳሁት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ነው። ብዙ ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲሻገር አንዲት የዴይም ጎረቤቴም አብራ ተሻግራ ነበር። በስልክ ሳገኛት «ብርሹን ተሸክሜው ወጣሁ፤ አንገረቡ ግን እዚያው ቀረ» አለችኝ። ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ብርሹ ብቻውን አልበቃት አለ። ላስቲክ ከሥር አንጥፋ፣ ጆንያ በደረቅ ሣር ሞልታ፣ ብርሹን በላዩ አድርጋ ልጆቿን አስተኛች። ይህን ያስተማራት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ማስታወቂያችንን እናርመው። «የመኝታ ከረጢት የሌለው አይመዝገብ» በማለት ፈንታ፣ «እያንዳንዱ ተማሪ ከሥሩ የሚያነጥፈው አንድ ወፍራም ነገር፣ ከላዩ የሚደርበው ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይያዝ፤ የሌለው ለክፍል ኀላፊው ይንገር» ብለን እንጻፍ። አጎዛው፣ ጆንያውና ጭዱ በአብዛኛው ተማሪ ቤት ወይም በጎረቤት አይታጣም። ያ ባይገኝ እንኳ ከትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል የጂምናስቲክ ፍራሽ መዋስ ይቻላል። ከክፍሉ አንደኛ የሆነች ልጅ ዕቃ ስለ ጎደላት ብቻ ተራራውን ሳታይ መቅረት የለባትም።