በብርሃን ስለሚነበብ መታሰቢያ

ሰው የሚወደውን በሞት ባጣ ጊዜ ስሙ እንዳይረሳ መታሰቢያ ያቆምለታል። በአገራችን ተዝካር ይወጣል፥ ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል፥ ለቤተ ክርስቲያንም መጽሐፍ ወይም መጋረጃ ይሰጣል። በኤውሮፓ ደግሞ በ1918 እ.ኤ.አ. ከተፈጸመው ታላቅ ጦርነት በኋላ ብዙ አጥቢያዎች ለወደቁት ልጆቻቸው ባለቀለም የመስተዋት መስኮት አሠርተዋል። የሥራው መልክ ቢለያይም አሳቡ አንድ ነው።

በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያሉት መስኮቶች የብሉይና የሐዲስ ኪዳንን ታሪክ በሥዕል ያሳያሉ። ካቴድራሉ ከጠላት ወረራ በፊት ተጀምሮ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የተፈጸመ ስለ ሆነ፥ የአምስቱ ዓመት መከራ መታሰቢያ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ያሰሙት አቤቱታ በውስጡ በሥዕል ተቀርጿል፤ በቅጽሩም አርበኞችና በ1953 ዓ.ም. ያረፉት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ተቀብረዋል። እንግዲህ በእነዚያ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን የሚያርፈው በታሪክ ላይ ነው።

ነገር ግን ይህ ጌጥ ጠባቂ ይፈልጋል። መስተዋቱ ቀለሙን የሚያገኘው ሲቀልጥ ከሚጨመርበት ማዕድን ነው፤ ኮባልት ሰማያዊ፥ መዳብም አረንጓዴ ወይም ቀይ ያደርገዋል። የፊትና የልብስ መልክ በላዩ ተሥሎ በእሳት ይተኰሳል፤ ቍርጥራጩም በእርሳስ ማዕድን ዘንግ ይጋጠማል። በዘመን ብዛት እርሳሱ ይደክማል፥ መስኮቱም ይጐብጣል፤ በክፍተቱ ዝናብ ይገባል። የጧፍና የዕጣን ጢስ ሲከማች ብርሃኑን ያደበዝዛል። ይህንንም አይቶ በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ የሚፈትግ ሰው፥ በቅን አሳብ ሳለ ሥዕሉን ሊያጠፋው ይችላል። የተሰበረውንም በተራ መስተዋት መተካት ከመጽሐፍ መካከል ቅጠል ገንጥሎ ባዶ ወረቀት እንደ መስፋት ነው።

በ1939 እ.ኤ.አ. ጦርነት በቀረበ ጊዜ ፈረንሳውያን የሻርትርን ካቴድራል መስኮቶች አውርደው በስውር ስፍራ አስቀመጡ፤ ሰላም ሲሆንም መለሱአቸው። ይህ ሊሆን የቻለው ጥፋቱ ሳይደርስ አስቀድሞ ስለ ታሰበበት ነው።

ይህ ሥራ ከኢትዮጵያዊ አእምሮ የራቀ አይደለም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የሚያህል የመስተዋት ሥዕል የነደፉት የእኛው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎችና የቅርስ ሹማምንት ተባብረው እያንዳንዱን መስኮት በፎቶግራፍና በመዝገብ ቢያኖሩ፥ ያለ ባለሙያም ማንም እንዳይነካው ቢያዙ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ለሙታን መታሰቢያ ማቆም መልካም ነው፤ የቆመውን መጠበቅ ግን የሕያዋን ዕዳ ነው።