የሦስት ሙያ ባለቤት፤ ሰርጌይ ራህማኒኖፍ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ራሴ የደረስሁትን ዜማ በክራር ለማሰማት ወጥቼ ነበር። ከመካከል ላይ አንዱ አውታር ተበጠሰ፤ እኔም ደንግጬ ቆምሁ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሲስቁ ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ስለ ሩሲያዊው የሙዚቃ ሰው ስለ ራህማኒኖፍ ያነበብሁት በዚያው ሰሞን ነው። የእርሱ ውድቀት ከእኔ እጅግ የከፋ ሆኖ ስላገኘሁት ታሪኩን ለአንባቢያን ላካፍል አሰብሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ራህማኒኖፍ በ1873 ዓ.ም. ተወለደ። በሞስኮ ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ድርሰት ተምሮ በ1892 ዓ.ም. በታላቅ የወርቅ ሜዳይ ተመረቀ። እጁ ሰፊ ስለ ነበረ አሥራ ሁለት ነጭ የፒያኖ ቁልፎች ያዳርስ ነበር፤ እኔ ብሞክረው ከዘጠኝ አላለፍሁም።

በ1897 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሲምፎኒው በፒተርስቡርግ ተሰማ። ሲምፎኒ ማለት ለብዙ መሣሪያዎች የተጻፈ፥ በክፍል በክፍል የተለየ ረጅም ድርሰት ነው። ይህን የመሰለውን ሥራ ደራሲው ብቻውን ሊያሰማው አይችልም፤ በወረቀት ላለው ነፍስ የሚዘራበት የኦርኬስትራው መሪ ነው። የዚያን ምሽት መሪ ግላዙኖፍ ነበረ፤ ልምምዱም አነስተኛ ስለ ነበረ ሥራው ተበላሽቶ ቀረበ። ኩዊ የተባለው ሐያሲ በጋዜጣ ሲጽፍ፥ በሲኦል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢኖርና ተማሪዎቹ ስለ ግብጽ መቅሠፍት ድረሱ ቢባሉ እንዲህ ያለውን ይጽፉ ነበር እስከ ማለት ደረሰ። ደራሲው ገና 23 ዓመቱ ነበረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ትልቅ ነገር ሳይደርስ ቀረ።

ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዚያው ዓመት በሞስኮ በማሞንቶፍ የግል ኦፔራ መሪ ሆኖ ተቀጠረ። ብዙ ሰው መሪ ማለት በትር የሚያወዛውዝ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን መሪው የሁሉንም መሣሪያ ጽሑፍ ባንድ ገጽ ያነባል፤ ማን መቼ እንዲገባ፥ ማን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ የሚወስነው እርሱ ነው። በመሪ ምክንያት የተጎዳ ሰው ይህንኑ ሙያ መያዙ ለእኔ ብልህነት ይመስለኛል። ኋላም ከ1904 እስከ 1906 ዓ.ም. በታላቁ በቦልሾይ ቲያትር መርቷል።

በ1900 ዓ.ም. ዶክተር ኒኮላይ ዳል የተባለ ሐኪም በየቀኑ እያነጋገረ አከመው። በተከታዩ ዓመት ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ ራሱ እየተጫወተ አሰማ፤ ፒያኖውና ኦርኬስትራው እየተቀባበሉ የሚሄዱበት ድርሰት ነው። ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሰማል። መታሰቢያነቱንም ለሐኪሙ ሰጠ።

በ1917 ዓ.ም. የሩሲያ አብዮት ሲነሣ ንብረቱን ትቶ ከሚስቱና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ተሰደደ። በአሜሪካ የቦስተን ኦርኬስትራ መሪ እንዲሆን ተጠይቆ እንቢ አለ፤ በ45 ዓመቱ የፒያኖ ተጫዋችነትን ዋና እንጀራው አደረገ። እስከዚያ ድረስ በመድረክ የሚጫወተው አብዛኛውን የራሱን ሥራ ስለ ነበረ የሌሎችን ደራስያን ሥራ እንደ ተማሪ ተቀምጦ አጠና። ገንዘብም ዝናም አገኘ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበረ። ከስደቱ በፊት 39 ቁጥር የተሰጣቸው ሥራዎች ሲኖሩት፥ በቀሩት 25 ዓመታት የጨመረው 6 ብቻ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር የሚዞር ሰው መቼ ይጻፍ? የአገሩም ናፍቆት ነበረበት።

የመጨረሻው ሥራው በ1940 ዓ.ም. የጻፈው «የሲምፎኒ ጭፈራዎች» ነው። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ የዚያን የወደቀ ሲምፎኒ ዜማ አለዝቦና አረጋግቶ አስገባው። የሲምፎኒው ጽሑፍ በሩሲያ ጠፍቶ ስለ ነበረ ያን ጊዜ ዜማውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ለራሱ ብቻ ያስገባው ይመስለኛል።

ራህማኒኖፍ በመጋቢት 1943 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሞተ። ከዚያም ተጫዋቾቹ ያነቡት የነበረው የየመሣሪያው ወረቀት በሌኒንግራድ ተገኘ፤ ሲምፎኒውም በጥቅምት 1945 ዓ.ም. በሞስኮ፥ ከ48 ዓመት በኋላ፥ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰማ።