ያውቁ ኖሯል? ጭጋጉን የሰነጠቀው ጡሩንባ
በካናዳ፣ በሴንት ጆን ወደብ መግቢያ ላይ ፓርትሪጅ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1791 ለመርከቦች መብራት የሚያሳይ ማማ ተተከለባት። ሆኖም የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ጭጋግ ሲወርድ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ መርከበኛው ከአለቱ አጠገብ ደርሶም ላያየው ይችላል። መላ የዘየደው ከስኮትላንድ የፈለሰው ሮበርት ፉሊስ ነው። አንድ ቀን በጭጋግ ወደ ቤቱ ሲያመራ ልጁ ፒያኖ ስትጫወት ሰማ፤ ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ይልቅ ወፋፍራሞቹ ጎልተው ደረሱት ይባላል። ከዚያ በእንፋሎት የሚነፋ ጡሩንባ ነደፈ። ጡሩንባው በ1859 በደሴቲቱ ላይ ሥራ ጀመረ፤ በዓይነቱ በዓለም የመጀመሪያው መሆኑ ነው! የስንቱን ነፍስ ያተረፈው ይህ ሰው ግን የፈጠራ መብቱን በስሙ ስላላስመዘገበ ሳይጠቀምበት ቀረ፤ በ1866 በድህነት አረፈ።