ከቀለሟ በፊት ሞተሯ ይመርመር

በካምፓላ ጎዳናዎች ላይ የሚበዙት ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች ናቸው። በመካከላቸው የ1990ዎቹ የኢጣሊያ ፈጣን መኪና ብቅ ስትል ከደመወዙ የቆጠበ ወታደር ልቡ ቢማረክ አንፈርድበትም። ላንቻ ዴልታ ኢንቴግራሌ በጎረቤት ኬንያ የሳፋሪን ውድድር በ1988፣ በ1989 እና በ1991 እ.ኤ.አ. አሸንፋለች።

ይሁን እንጂ ዝና ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ዩጋንዳ ከ2018 ወዲህ 15 ዓመት የሞላት የቤት መኪና እንዳትገባ ስለከለከለች፣ የሚሸጡት ቀድሞ የገቡት ናቸው። መለዋወጫቸውም በኪሴካ ገበያ እንደ ቶዮታ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም። የዴልታ መሪ በስተግራ ነው፤ በዩጋንዳም የሚነዳው በግራ ስለሆነ ለመቅደም ከፊት ያለውን ማየት ያዳግታል።

ስለዚህ የጥገና መዝገቧ በቅድሚያ ይታይ። የታይሚንግ ቺንጋዋ መቼ ተለወጠ? ቢበጠስ በብዙዎቹ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ይበላሻል። በፌራሪ ኤፍ 355 ቺንጋውን ለመለወጥ ሞተሩ ይወርዳል። ዝገቷን መካኒክ ከሥር ይመርምር፤ የሻሲ ቁጥሯም ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የሚያስፈልገው የጥገና ወጪ ከተጠየቀው ዋጋ ይቀነስ።

ከሁሉም በላይ ባልና ሚስት ሳይመካከሩ ቀብድ እንዳይከፈል እናሳስባለን። የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትበላ መኪና፣ በርካሽ ብትገዛም ውድ ናት።