በአዲስ እህል ውስጥ የሚላወሰው ሁሉ ነቀዝ አይደለም

በሐዋሳ አዲስ በቆሎና ቦሎቄ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ጥቁር ነገር ሲላወስ ያየ ሰው «ነቅዟል» ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ይሁንና በእህል ውስጥ የሚገኙት ነፍሳት ብዙ ዓይነት ናቸው፤ መፍትሔውም እንደ ዓይነታቸው ይለያያል።

ዋናው ጠላት የበቆሎ ነቀዝ ነው። ርዝመቱ ከ2.5 እስከ 4 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ የወጣ አፍ፣ በጀርባው ላይ ደግሞ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። መብረር ስለሚችል በቆሎው ገና ማሳ ላይ ሳለ ይደርስበታል። ሴቷ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ስለዚህ ዓይን አያየውም። ሙቀት ካገኘ በ5 ሳምንት ገደማ ጎልማሳው ፍሬውን በስቶ ይወጣል። በመኸር ንጹሕ የመሰለ እህል ከወር በኋላ የሚነቅዘው ለዚህ ነው።

የገለባ መልክ ያላት ትንሽ የእሳት እራት ካየን፣ ትሏ ያደገችው በፍሬው ውስጥ ነው፤ እራቷ ክብና ጥርት ያለ ቀዳዳ ትታ ትወጣለች። ቦሎቄና ሽምብራ ላይ የሚገኙት ደግሞ ድቡልቡል፣ ኩምቢ የሌላቸው ጥንዚዛዎች ናቸው። አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን ፍሬው ላይ ይለጥፋሉ፤ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

ጠፍጣፋው ቀይ ቡናማ የዱቄት ጥንዚዛ ጤነኛ ፍሬ መብሳት አይሆንለትም፤ ከበዛ እህሉ ተሰባብሯል ወይም ከአሮጌ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ሻጋታ የሚበሉ ደቃቅ ነፍሳት ከበዙ እህሉ እርጥብ ነው፤ የሚያስፈልገው ፀሐይ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ወገበ ቀጭን ጥቃቅን ተርቦችም ይገኛሉ፤ እነዚህ የነቀዝ ትል የሚያጠፉ ወዳጆች ናቸው። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይጎዳውም።

ለመለየት እህሉን በወንፊት ነፍቶ የወረደውን ነጭ ወረቀት ላይ ማየት ይበቃል፤ ማጉሊያ መነጽር ካለ ደግሞ ኩምቢውን ያሳያል። ከዚያ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪወርድ አድርቆ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ማሰር ነቀዙን በአየር እጦት ይገድለዋል። ፎስፊን የተባለ ጋዝ የሚያመነጨው ክኒን ግን ሰውንም ይገድላልና ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይጨመር።