«ወተቴ አልበቃውም» ላልሽው እህቴ

የዛሬው ጽሑፌ በተለይ የመጀመሪያ ልጅሽን ለታቀፍሽው ነው።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ባለቤቴ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአማኑኤል ከተማ ሲያገለግል ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ልጄ ይጮኻል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ፤ ሕፃን እንዴት ጡት እንደሚይዝ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። «ወተቴ አልበቃውም» ብዬ ደመደምኩ። ጎረቤታችን እማማ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡና «ልጄ፣ አንጀቱ ይለስልስለት» ብለው አስዋጡት። ከፍቅር ነው ያደረጉት፤ እናታቸውም ለእሳቸው ያደረገችው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ዛሬ ልንገርሽ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫማ ወተት እንገር ነው። ጥቂት ነው፤ የሕፃኑም ሆድ ትንሽ ስለሆነ ይበቃዋል። ከበሽታ የሚከላከል ነገር በውስጡ አለ። የጎጃም ገበሬ ጥጃ ሲወለድ እንገሩን ቶሎ እንዲጠባ ያደርጋል፤ እኛ ለልጃችን ስንሆን «ቆሻሻ ነው» ብለን እናፈሰዋለን! ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ሲሰጠው ሆዱ ይሞላል፣ ጡት መሳቡን ይቀንሳል፤ ጀርምም አብሮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እንደተወለደ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ አጥቢው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ያገኙ የነበሩት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ውሃም ይሁን ሌላ ነገር ይጨመርላቸው ነበር ማለት ነው። ውሃ እንኳ አያስፈልገውም፤ ቆላ ብትኖሪም አያስፈልገውም።

ወተት የሚመረተው ልጁ በሳበ መጠን ነው። ዱቄት ወተት በሰጠሽው ቁጥር ጡትሽ «አልተፈለግሁም» ብሎ ይቀንሳል። ቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ያለ ነገር ነው። መብቃቱን በልቅሶው አትለኪ፣ በሽንት ጨርቁ ለኪ። ከአምስተኛ ቀን ገደማ ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበ፣ ጥቁሩም ዓይነ ምድሩ ወደ ቢጫ ከተለወጠ እየጠገበ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት። ካልመለሰ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

አሁን ወደ አያያዙ። ሆዱ ሆድሽን ይንካ፣ አፍንጫው ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ ይሁን። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂና ወደ ራስሽ አስጠጊው፤ አንቺ ወደ እሱ አትጎንበሺ፣ ወገብሽ ያልቃል። ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር ይጉረስ፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ፣ አገጩ ጡትሽን ይንካ። ሕመሙ ካልተወሽ አያያዙ ልክ አይደለም። ታጥበሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገቢና አላቅቀሽ እንደገና ጀምሪ። የጠጠረውን ጡት ከማጥባትሽ በፊት በእጅሽ ጥቂት አልቢው፣ ጫፉ ይለሰልስለታል፤ ካጠባሽ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ከቀላና ትኩሳት ከያዘሽ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከዚያ ጡት ማጥባቱንም አታቁሚ። ኤች አይ ቪ በደምሽ ካለ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ማጥባት ትችያለሽ፤ ከጤና ባለሙያሽ ጋር ተመካከሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ራሳችን ቤት ልናገር። ሁለተኛው ልጄ የአንድ ወር ሕፃን ሳለ ጾም ጸሎት ታወጀ። «የአገልጋይ ሚስት ሆና» እንዳልባል ጾምኩ፣ በሁለተኛው ቀን ዞሮብኝ ወደቅሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ያስገደደኝ የሰው አፍ ነው። ሐና ግን ሳሙኤል ጡት እስኪተው ድረስ በየዓመቱ ከሚወጣበት ጉዞ ቀርታለች፣ ሕልቃናም ተስማምቶላታል (1ሳሙ. 1)። የምታጠባ እናት እንደ ወትሮዋ ከምትበላው በላይ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ መብላት አለባት። በአምልኮ ሰዓትም ነጠላሽን ጣል አድርገሽ እዚያው አጥቢ፤ «ውጪ ውጪ» የሚልሽ አስተናጋጅ ካለ ይህን ጽሑፍ አስነብቢው።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም አለህበት። ሌሊት ተነስተህ ልጁን አቀብላት፣ አስገሳው፣ ጨርቁን እጠብ፣ ውሃ በብርጭቆ አጠገቧ አኑር። ጠያቂ ሲበዛ በትህትና የምታሰናብተው አንተ ነህ፤ እሷ ብትለው ትታማለች። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ሥራ መመለስ ይመጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት ያለ ማቀዝቀዣ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ ይሰጠው፤ ሲኒ ለማጠብ ይቀላል።

ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ እማማ እንደ ልማዳቸው ቅቤያቸውን ይዘው መጡ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ፣ ልጁን አዩት፣ ከዚያ ቅቤውን አንጥረው በእኔ ገንፎ መሐል አፈሰሱልኝ።